ማይክና ፕሪአምፕ አገናኝቶ ቤት ውስጥ ድምፅ መቅዳት፦ ሁሌ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

እሽ እንጀምር። ከባህር ዳርም ከማርቆስም ከሞጣም ከዳንግላም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፣ ማይክ ገዛሁ ድምፁ አልጠራ አለኝ ፕሪአምፕ ልጨምርበት ወይ የሚል። አብዛኛውን ጊዜ መልሴ ቆይ ብርህን ያዝ ነው፣ ችግሩ አሰካኩ ላይ ወይ ጌይኑ ላይ ወይ ክፍሉ ላይ ሁኖ ሳለ ሰው ዕቃውን ይወቅሳል። ለያንዳንዱ ኢንቦክስ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው፣ ቅደም ተከተል የለውም፣ የሚመለከታችሁን ፈልጋችሁ አንብቡ።

ፕሪአምፕ ግን ምንድነው? የግድ ለብቻው መግዛት አለብኝ?

ከማይክ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። ሁላችሁም የምታውቁት ሹር ኤስኤም58 (ከ1966 ጀምሮ የሚሸጠው ያ ጭንቅላቱ ድብልብል ማይክ፣ ዓመቱ በፈረንጅ ነው) 94 ዴሲቤል ድምፅ ሲደርሰው የሚያወጣው 2 ሚሊቮልት እንኳን አይሞላም። የስቱዲዮ ዕቃዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት ላይን ሌቭል የሚባለው ግን 1.23 ቮልት አካባቢ ነው። መሃል ላይ ያለውን ከ600 እጥፍ በላይ ልዩነት የሚሞላው ፕሪአምፕ ነው፣ ጌይን የሚለው ማዞሪያ የሱ ነው።

ስለዚህ ሳውንድ ካርድህ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር በዩኤስቢ የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ባለ ሦስት እግሩ ኤክስኤልአር መሰኪያና ጌይን ማዞሪያ ካለ ፕሪአምፕ አለህ፣ ውስጡ ነው ያለው። ሰው ስቱዲዮ ገብቶ ለብቻው የተቀመጠ ትልቅ ፕሪአምፕ ያይና እኔ የጎደለኝ ይኸ ነው ብሎ ይወጣል፣ አይደለም። ቤሪንገር ዩኤምሲ22 ወይም ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ የሚባሉት ሳውንድ ካርዶች ውስጥ ያለው ፕሪአምፕ ለጀማሪ ድምፃዊ ይበቃል፣ ከሱ በፊት የሚስተካከል ብዙ ነገር አለ።

ቢኤም 800 ገዝቼ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት፣ ከሩቅ የመጣ ይመስላል ደግሞ ሽሽሽ ይላል። ማይኩ ፎርጅድ ነው?

ወንድምዓለም ይኸ ጥያቄ ብቻውን ግማሹን ኢንቦክሴን ይዞታል። ማይኩ ላይሆን ይችላል። ቢኤም 800 ኮንደንሰር የሚባለው የማይክ ዓይነት ነው፣ ኮንደንሰር ደግሞ ለመሥራት ኃይል ይፈልጋል፣ በደንብ የሚሠራውም በ48 ቮልት ነው፣ ፋንተም የሚባለው። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ገመድ አንድ ጫፉ ኤክስኤልአር ሌላው ጫፉ እንደ ሄድፎን ቀጭን ጃክ ነው አይደል፣ እሱን ላፕቶፕ ላይ ስትሰካው የምታገኘው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው፣ የላፕቶፑ የማይክ ፕሪአምፕ ደግሞ ለቪድዮ ጥሪ ወሬ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ የዛሬ ላፕቶፖች ሄድፎንና ማይክ በአንድ ቀዳዳ ነው የሚቀበሉት፣ ጃኩ አራት ክፍል ያለው መሆን አለበት፣ ያንተ ሦስት ክፍል ስለሆነ ላፕቶፑ ሄድፎን ተሰካ ብሎ ያስብና በራሱ በስክሪኑ ማይክ ይቀዳሃል። ከሩቅ የሚመስለው ለዛ ሊሆን ይችላል። እስኪ እየቀዳህ ማይኩን በጥፍርህ ቧጨር አርገው፣ ከዛ የላፕቶፑን ስክሪን ጠርዝ ቧጨር፣ የቱ ጎልቶ እንደገባ ስታዳምጥ ታውቀዋለህ።

ሱቅ ውስጥ የ48 ቮልት ሳጥን ይሸጡልሃል፣ አዳፕተር ያለው ትንሽ ጥቁር ሳጥን። እሱን ገዝተው ፕሪአምፕ ገዛሁ የሚሉ አሉ። ሳጥኑ ለማይኩ መብራት ይሰጣል እንጂ ድምፅ አያጎላም፣ ማጉላቱን ያው ላፕቶፑ ነው የሚሠራው። ድምፁ ትንሽ ይሻላል ሽሽታው ግን አይለቅህም። በሳጥኑ ብር ላይ ጨምረህ 48 ቮልት ያለው ሳውንድ ካርድና ሁለቱም ጫፉ ኤክስኤልአር የሆነ ገመድ ግዛ፣ ያኔ ያው ቢኤም 800 ሌላ ማይክ ይሆንብሃል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይኸ ማይክ የሚሰማው በጎኑ ነው። ብዙ ልጆች እንደ መድረክ ማይክ አናቱ ላይ አፋቸውን ደቅነው ይዘፍናሉ፣ ሰውን ማጅራቱ ላይ እንደማናገር ነው። ወንፊቱን ወደ ውስጥ በመብራት እየው፣ ክቡ ወርቃማ ወይ ብርማ ነገር ፊቱን ያዞረበት ጎን ነው ትክክለኛው፣ እሱ ወዳንተ ይዙር ማይኩም ቀጥ ብሎ ይቁም።

48 ቮልቱን ባበራው ዳይናሚክ ማይኬን ያቃጥለዋል?

በደህና ኤክስኤልአር ገመድ ከተሰካ ኤስኤም58ን የመሰለ ዳይናሚክ (ያለ ኃይል የሚሠራ) ማይክ ምንም አይሆንም። 48 ቮልቱ በ2ኛውና በ3ኛው እግር ላይ እኩል ነው የሚሄደው፣ በየበኩላቸው በ6.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አልፈው፣ መመለሻው 1ኛው እግር ነው። ሁለቱ ላይ እኩል ከሆነ በማይኩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚፈስ ነገር የለም። ኮንደንሰሩ ግን ከዚያው ላይ ኃይሉን ይወስዳል። በነገራችን ላይ ለምን 48 ሆነ ብትሉ፣ በ1966 ኖይማን ለኖርዌይ ሬዲዮ ማይክ ሲሠራ ስቱዲዮዎቹ ለአደጋ ጊዜ መብራት የተዘረጋ 48 ቮልት መስመር ስለነበራቸው እሱኑ ተጠቀሙበት፣ በዛው መለኪያ ሁኖ ቀረ።

መፍራት ያለብህ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ ሪበን ማይክ (ድምፁን በስስ የብረት ጥብጣብ የሚይዝ) ካለህ፣ በተለይ አሮጌ ከሆነ፣ በተበላሸ ገመድ 48 ከሄደበት ሪበኑ ይበጠሳል። ሁለተኛ ኤክስኤልአሩን ወደ ቀጭን ጃክ በሚቀይር አዳፕተር ስልክ ማይክ ወይም የአንገት ማይክ ሰክተህ 48 እንዳታበራ፣ ያ ለ48 አልተሠራም።

ሥርዓቱ ደግሞ ይኸ ነው፣ ጌይኑን ዜሮ አርግ፣ ስፒከሩን ዝጋ፣ ማይኩን ሰካ፣ ከዛ 48ን አብራ። ስትጨርስ 48ን አጥፋና ግማሽ ደቂቃ ጠብቀህ ንቀል። በርቶ ሲነቀል ሄድፎን ውስጥ የሚመጣው ጓ የሚል ድምፅ ጆሮ ያማል፣ ስፒከርም ይጎዳል።

ገመዱ ልዩነት አለው? እኔ ከካራኦኬው ማይክ ጋር የመጣውን ነው የምጠቀመው

አዎ አለው፣ የሚሸጡልህ በሚሉት መንገድ ግን አይደለም፣ በወርቅ የተለበጠ ምናምን እርሳው። ችግሩ ያንተ ገመድ መጨረሻው ወፍራም ጃክ መሆኑ ነው። ሳውንድ ካርዱ ላይ ያለው ኮምቦ መሰኪያ ሁለት ነገር ነው፣ ዙሪያውን ያሉት ሦስት ቀዳዳዎች የማይክ ናቸው ወደ ፕሪአምፑ ይሄዳሉ፣ መሃሉ ላይ ያለው ትልቁ ቀዳዳ የጊታርና የኪቦርድ ነው። በመሃሉ ስትሰካ 48 ቮልቱ አይደርስህም፣ ጌይኑ ያንሳል፣ ገመዱም ባላንስድ ስላልሆነ ከአካባቢው ጩኸት ይለቅማል። ሰው ጌይኑን እስከ ጥግ አዙሮ «ሳውንድ ካርዱ ደካማ ነው» ሲል መጀመሪያ የማየው ጃኩን ነው።

ባላንስድ ገመድ ማለት ድምፁ በሁለት ሽቦ ተገልብጦ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ የገባው ጩኸት ሁለቱም ላይ እኩል ስለሆነ ፕሪአምፑ ጋ ሲደርስ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ለዚህ ነው ኤክስኤልአር 20 ሜትር እንኳን ቢሄድ ምንም የማይለው። ራሱ የሚበይድ ወይም ሬዲዮ ጥገና ቤት ወስዶ የሚያስበይድ ካለ፦ 1 መሬት ነው፣ 2 ሆት፣ 3 ኮልድ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ያው። ቁጥሩ ፕላስቲኩ ላይ በትንሹ ተጽፏል፣ በስልክ መብራት ይታያል።

ለብቻው ያለ ፕሪአምፕ አግኝቻለሁ፣ ከሳውንድ ካርዴ ጋር እንዴት ላገናኘው?

ማይክ በኤክስኤልአር ወደ ፕሪአምፑ፣ ከፕሪአምፑ ላይን አውት በቲአርኤስ ጃክ (ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው) ወደ ሳውንድ ካርዱ ላይን ኢን። አለቀ። ስህተቱ የሚመጣው ከፕሪአምፑ ኋላ ያለውን ኤክስኤልአር መውጫ አይተው ወደ ሳውንድ ካርዱ ማይክ መግቢያ ሲሰኩት ነው፣ የጎላውን እንደገና ታጎላዋለህ፣ ሽሽታውም አብሮ ይጎላል፣ ትንሽ ጮክ ስትል ደግሞ ይሰነጠቃል። ሳውንድ ካርዱ ላይን እና ኢንስት (የጊታር) የሚል ምርጫ ካለው ላይን ላይ ይሁን። 48ቱን የሚሰጠው ፕሪአምፑ ነው፣ የሳውንድ ካርዱ 48 ይጥፋ። የሳውንድ ካርዱ ጌይን ከታች ይሁንና ማስተካከሉን በፕሪአምፑ ብቻ ሥራ።

እውነቱን ልንገርህ ግን፣ ብዙዎቹ ርካሽ ሳውንድ ካርዶች ላይን ኢን ብለው የጻፉትንም ውስጥ ውስጡን ቀንሰው በዛው በራሳቸው ፕሪአምፕ ነው የሚያሳልፉት። ውድ ፕሪአምፕ ገዝተህ በዚያ ካሳለፍከው ልዩነቱን ፈልገህም ላታገኘው ትችላለህ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሳውንድ ካርዱን ነበር የምቀይረው።

ሬዲዮ ጣቢያ ላይ የሚታየውን ትልቁን ኤስኤም7ቢ ገዛሁ፣ ጌይኑ ጥግ ደርሶም ድምፄ ቀጭን ነው

እሱ ማይክ ከኤስኤም58ም ያነሰ ነው የሚያወጣው፣ 1.1 ሚሊቮልት አካባቢ፣ ሹር ራሱ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌይን ስጡት ይላል። ዝቅተኛ ሳውንድ ካርድ እዛ ጋ አይደርስም፣ ቢደርስም ጥጉ ላይ ይንሾሾል። ለዚህ የተሠሩ ትንንሽ ዕቃዎች አሉ፣ ክላውድሊፍተር 25 ዴሲቤል ፌትሄድ 27 ዴሲቤል አካባቢ ይጨምራሉ። ማይኩ፣ እሱ፣ ከዛ ረጅሙ ገመድ፣ ከዛ ሳውንድ ካርድ ነው አሰላለፉ፣ 48ም ይበራል ምክንያቱም የሚሠሩት በ48 ነው፣ ወደ ማይኩ ግን አያሳልፉትም። ስለዚህ ኮንደንሰር ማይክ በነሱ በኩል አይሠራም፣ አትሞክሩት።

ቀረርቶ የምትቀርር ከሆነ ግን ይኸ ሁሉ አያስፈልግህም፣ ጉሮሮህ ራሱ ፕሪአምፕ ነው።

ጌይኑን የት ላይ ላቁመው? ሽለላ ስቀዳ መጀመሪያው አይሰማም መጨረሻው ይሰነጠቃል

ይኸ የኛ አገር ችግር ነው፣ በፈረንጅ ቪድዮ አታገኘውም። ሽለላና ቀረርቶ ከለሆሳስ ተነስቶ ጣሪያ ነው የሚነካው። ጌይኑን ስታስተካክል መጀመሪያ ያለውን ለስላሳውን አትበል፣ ገና ሳትቀዳ «ዘራፍ» የምትልበትን ቦታ ሙሉ ጉልበትህን አውጥተህ በለው፣ ሌሎች ቤት ካሉ አስጠንቅቃቸው፣ ከዛ ሶፍትዌሩ ላይ የድምፁን ከፍታ የሚያሳየው ሜትር ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ጌይኑን ቀንስ። ማመንታት የለም፣ ማይክ ሙከራ አንድ ሁለት ባልክበት ድምፅ ያስተካከልከው ጌይን ሲሞቅህ አይሆንም። ለመደበኛ ዘፈን ጣሪያው ከ-12 እስከ -6 መሃል ቢመላለስ ጥሩ ነው።

ዝቅ ብሎ ገባ ብለህ አትጨነቅ። ሶፍትዌሩን 24 ቢት ላይ አርገው፣ ዝቅ ያለው ኋላ ሲነሳ ምንም አይልም፣ የተሰነጠቀው ግን አይጠገንም፣ ማንም ሚክስ የሚያደርግ ሰው አይመልሰውም። ለስላሳው ቦታ ላይ አንድ ስንዝር ተጠጋ ስትጮህ ሁለት ሦስት ስንዝር ራቅ፣ አዝማሪ ማይክ ሲይዝ አይተህ የለ፣ እንደዛ። በጣም ከተጠጋህ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ያለ ልክ ያብጣል፣ ማይኩ ወይ ሳውንድ ካርዱ 80 ኸርዝ ላይ ሎው ከት (ወፍራሙን የሚቆርጥ ቁልፍ) ካለው አብራው። ካልሆነልህ በሁለት ትራክ ከፍለህ ቅዳ፣ ለስላሳው በአንድ ጌይን ጉልበቱ በሌላ ጌይን።

መሪጌታ ነኝ። ተማሪዎቼ ቅኔ ሲዘርፉና ማኅሌት ሲቆም ለመቅዳት ስንት ማይክ ያስፈልገኛል?

የኔታ እንደምን አሉ። ለቅኔው አንድ ኮንደንሰር ይበቃዎታል፣ ከልጁ አፍ ወደ ሁለት ስንዝር ራቅ አርገው ትንሽ ከአፉ በላይ ያስቀምጡት፣ ትንፋሹ በቀጥታ እንዳይመታው። ቅኔ ላይ ፊደሉ ካልተለየ ሰሙም ወርቁም አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ከግድግዳ ራቅ ባለ፣ ምንጣፍ ባለው ቤት ይሁን።

ማኅሌቱ ሌላ ነው። ከበሮው ከሁሉ ይበልጣልና ማይኩ ወደ ድምፁ እንጂ ወደ ከበሮው አይዙር፣ ከበሮ መቺውን ወደ ኋላ ያድርጉት። ሁለት መግቢያ ያለው ሳውንድ ካርድ ካገኙ ሁለት አንድ ዓይነት ማይክ በግራና በቀኝ ረድፍ ፊት ያቁሙ፣ በሁለቱ ማይኮች መካከል ያለው ርቀት ማይኩ ከመዘምራኑ ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፣ አንድ ሜትር ከራቀ በመካከላቸው ሦስት ሜትር። ካነሰ ድምፁ ተደራርቦ ይሰልላል። ጸናጽሉ ቀጭንና ሹል ስለሆነ ከማይኩ ጋር ፊት ለፊት አይሁን።

እኔ ኮምፒውተር የለኝም በስልክ ነው የምቀዳው፣ ሳውንድ ካርዱ ይሠራል?

ይሠራልሻል እህቴ፣ የኦቲጂ ገመድ (የዩኤስቢ ዕቃ ስልክ ላይ የሚያሰካ) ግዢ። ግን ስልክሽ ለሳውንድ ካርዱም ለ48ቱም ኃይል መስጠት ሊያቅተው ይችላል፣ ይበራና ይጠፋል ወይ «ብዙ ኃይል ይጠቀማል» ብሎ ይጽፍልሻል። ያኔ የራሱ ቻርጀር የሚሰካበት የዩኤስቢ ሀብ መሃል ላይ ታስገቢያለሽ፣ ሀብዋን ፓወር ባንክ ላይ ብታረጊያት መብራት ቢሄድም መቅዳትሽ አይቋረጥም። ቪ8 የሚባሉት ባለ ብዙ ቁልፍ ሳጥኖች ለቲክቶክ ላይቭ ይሆናሉ፣ ዘፈን ለመሥራት ግን አልመክርሽም፣ ኤኮውን አብረው ይቀዱታል፣ አንዴ ከገባ አይወጣም።

የመዘምራን ሚክሰር ዩኤስቢ አለው፣ በሱ ብቀዳስ?

ትችላለህ። ፕሪአምፖቹ ጥሩ ናቸው። ያማሃ ኤምጂ10ኤክስዩን የመሰሉት ግን በዩኤስቢ የሚልኩት ሁለት ትራክ ብቻ ነው፣ አሥሩን ቻናል ብትሞላውም ኮምፒውተሩ ላይ ግራና ቀኝ ሁነው ተደባልቀው ነው የሚመጡት። ለብቻህ ለምትዘፍነው ችግር የለውም። ኢፌክቱን ዝጋው።

እምምምም የሚል ድምፅ አብሮ ይገባል

ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀልና በባትሪ ሞክር። ከጠፋ ማይኩም ፕሪአምፑም ንጹህ ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ የቤቱ ኧርዝ (የመሬት መስመር) ነው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እምምታው ያ ነው፣ ብዙ ቤት ደግሞ ሦስተኛው ቀዳዳ ለጌጥ ነው ያለው ከመሬት ጋር አልተገናኘም። ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ኧርዝ ማስቀበር ነው መፍትሔው፣ የሶኬቱን ኧርዝ እግር ሰብሬ ገላገልኩት የሚል ምክር ከሰማህ አትቀበል፣ አደጋ አለው። እስከዛው በባትሪ ቅዳ። ሁሉንም ነገር አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካ፣ የማይኩን ገመድ ከመብራት ገመድ ጋር ጎን ለጎን አታስኪደው፣ ስልክህን ከጠረጴዛው አንሳ። ምጣድ በተጣደበት ሰዓት ደግሞ ቮልቴጁ ይወርዳልና አትቅዳ፣ እንጀራው ይውጣ ከዛ ትዘፍናለህ።

ድምፄ ሄድፎኑ ላይ ዘግይቶ ይመጣል

ቡፈሩ ነው፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሳለፉ በፊት የሚያጠራቅመው መጠን፣ ሶፍትዌሩ ላይ ይስተካከላል። 1024 ላይ ከሆነ በ48 ኪሎኸርዝ መሄጃው ብቻ 21 ሚሊሰከንድ ነው፣ መመለሻውም አለ፣ 128 ስታደርገው ከ3 በታች ይወርዳል። ከቆራረጠ 256። ዊንዶውስ ላይ የሳውንድ ካርዱን የራሱን ኤኤስአይኦ ድራይቨር ጫን። ወይ ደግሞ ሳውንድ ካርዱ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ቁልፍ አለ፣ እሱን አብራና ሶፍትዌሩ ላይ ያለውን ሞኒተር ዝጋ፣ ሁለቱ ባንዴ ከበሩ ድምፅህን ሁለት ጊዜ ትሰማዋለህ።

በአንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው

ትራኩን ሞኖ አርገህ ክፈት፣ ኢንፑት 1ን ምረጥ።

ክፍሌ ያስተጋባል፣ ስፖንጅ ልግዛ?

ቡሉኮ ቤት ውስጥ እያለህ ምን ስፖንጅ አስፈለገህ! ያ ቀጭን ስፖንጅ የሚበላው ሹሉን ድምፅ ብቻ ነው፣ የጎጃም ቡሉኮ ድርብ አርገህ ብትሰቅለው ይበልጠዋል። የት እንደምትሰቅለው ግን ልብ በል፣ ሰው ሁሉ ከማይኩ ኋላ ነው የሚሰቅለው፣ ማይኩ ግን ካርዲዮይድ ስለሆነ የሚያየው ወደ ፊት ነው፣ ወደ አንተና ካንተ ኋላ ወዳለው ግድግዳ። ስለዚህ ቡሉኮው ከጀርባህ ይሁን፣ ሁለተኛ ካለህ በጎን። ግድግዳው ላይ አታጣብቀው፣ አንድ ስንዝር ራቅ ይበል። ፍራሽም አቁምበት።

ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ሲወርድ የሚረዳ ማይክም ፕሪአምፕም የለም፣ እስኪያባራ መጠበቅ ነው። ባህር ዳር ያላችሁ ደግሞ ቬንትሌተሩን ዝጉት፣ ላብ ማይክ ውስጥ አይገባም ንፋሱ ግን ይገባል።

ሰው የተጠቀመበት ሳውንድ ካርድ ልገዛ ነው፣ ምን ልይ?

የራስህን ማይክ ገመድና ሄድፎን ይዘህ ሂድ። ኮንደንሰር ሰክተህ 48ን አብራ፣ ድምፅ ከመጣ 48ቱ ይሠራል። ጌይኑን ቀስ ብለህ ከዜሮ እስከ ጥግ አዙር፣ እየተዞረ ቸርቸር ካለ ማዞሪያው አልቋል። ገመዱን መሰኪያው ጋ ወዘወዝ አርገው፣ ድምፁ ከተቆራረጠ መሰኪያው ላልቷል። የዩኤስቢውንም ቀዳዳ እንደዛው፣ በጣም የሚበላሸው እሱ ነው። ሻጩ «መብራት የለም ቤትህ ሂደህ ሞክረው» ካለህ ላፕቶፕህን ባትሪ ሞልተህ ነገ ተመለስ።